«ጸሎቴ ደረቀብኝ፤ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለፈው ዓመት አባቴ ዐረፈ፤ ሐዘኑ ሳይወጣልኝ ደግሞ ከሥራ ተቀነስኩ። መጀመሪያ ላይ አጥብቄ እጸልይ ነበር። አሁን ግን ለጸሎት ስቆም ቃል ከአፌ አይወጣም። ዳዊት ብከፍት ዓይኔ ፊደሉ ላይ ይንከራተታል እንጂ ልቤ የለም። ጸሎት ከተውኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ፤ ሕፃናትም አስተምራለሁ። ውስጤ ባዶ ሆኖ በአፌ መዘመር ግብዝነት መስሎ ስለታየኝ ልተወው አስቤአለሁ። አንዳንዶች «እምነትሽ ቢጎድል ነው» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ «የተደበቀ ኃጢአት ይኖርብሻል» ይላሉ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? ካልተወኝስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ የመጽናናት አምላክ ያጽናሽ። የአባትሽንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን።

እግዚአብሔር አልተወሽም። ይህን የምለው ላባብልሽ አይደለም። የጸሎት ጣዕም ማጣትና የእግዚአብሔር መራቅ ለየቅል ናቸው። ጣዕሙ የሚሰማው በእኛ ልብ ነው፤ ልብ ደግሞ በሐዘን ይደክማል፣ እንቅልፍ ሲያጣ ይፈዛል፣ በሥጋት ይጨነቃል። ትኩሳት የያዘው ሰው እህል አልጣፍጥ ቢለው ጉድለቱ ከአፉ እንጂ ከእህሉ አይደለም፤ ስላልጣፈጠው ብሎ መብላቱን ቢተው ግን ሌላ በሽታ ይጨመርበታል። ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ጸሎትሽን አሳንሺው እንጂ አታቋርጪው። እንዴት እንደሚያንስ ከታች በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።

አስቀድሞ ግን ሰዎች የነገሩሽን ሁለት ነገር ከልብሽ ላውጣልሽ።

«እምነትሽ ቢጎድል ነው» ላሉሽ፦ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ባወረደ ማግሥት ከኤልዛቤል አንድ የዛቻ መልእክት ደረሰውና ሸሸ። የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገ. 19፥4)። ኤልያስ እምነት የጎደለው ሰው ነበር ልንል ነው? ቅዱስ ጳውሎስም በእስያ የደረሰበት መከራ ከዐቅሙ በላይ ከብዶት ስለ ሕይወቱ እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ እንደነበር ለቆሮንቶስ ሰዎች አልሸሸገም (2ኛ ቆሮ. 1፥8)። ከሁሉ በላይ ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል (ማቴ. 26፥38)። ማዘን በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ኃጢአት የሌለበት እርሱ ባላዘነ ነበር።

«የተደበቀ ኃጢአት ይኖርብሻል» ላሉሽ ደግሞ፦ ይህ የኢዮብ ወዳጆች ንግግር ነው። እነዚያ ሰዎች ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥13)። ካደረጉት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። አፋቸውን ከፍተው መከራውን ከኃጢአቱ ጋር ማያያዝ ሲጀምሩ ግን በመጨረሻ እግዚአብሔር ራሱ ተቆጣቸው (ኢዮ. 42፥7)። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል (ዮሐ. 9፥3)። በእርግጥ ሁላችንም ንስሐ ያስፈልገናል። ነገር ግን የመንፈስ ቅዱስን ወቀሳ ከጠላት ክስ መለየት ይቻላል። የመንፈስ ቅዱስ ወቀሳ አንድን ነገር ለይቶ ይጠራል፦ «ለእኅትሽ ያን ክፉ ቃል ተናግረሻል»፣ «የተበደርሽውን አልመለስሽም» ይላል፤ መውጫውንም አብሮ ያሳያል፤ ሂጂና ታረቂ፣ ሂጂና መልሺ። የጠላት ክስ ግን የሚይዘው ነገር የለውም። «አንቺ አትረቢም፣ አብቅቶልሻል» ብሎ ይደመድማል፤ መውጫም አያሳይም። በልብሽ የሚመላለሰው የትኛው እንደሆነ እስኪ አስተውዪው። ተለይቶ የሚጠራ በደል ካገኘሽ ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ። ካላገኘሽ ግን ቀኑን ሙሉ ራስሽን መበርበር አቁሚ፤ መበርበሩ ራሱ ልብን ያደክማል።

አሁን እግዚአብሔር ኤልያስን እንዴት እንዳነሣው ተመልከቺ፤ ቅደም ተከተሉ ለአንቺም ትምህርት ነው። መጀመሪያ አልወቀሰውም፤ «የእሳቱን ተአምር ረሳኸው?» አላለውም። እንዲተኛ ተወው። ከዚያ መልአክ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ አሁንም የታዘዘው እንዲበላ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነቢዩ ያንኑ እሮሮ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አረመው። «ብቻዬን ቀርቻለሁ» ላለው ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። የሚሠራውን ሥራና አብሮት የሚሆነውን ኤልሳዕንም ሰጠው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ እንደገና እንቅልፍ፣ መሰማት፣ ሰው፣ ሥራ። ብዙዎቻችን የደከመን ሰው ስናገኝ የምንጀምረው ከተግሣጽ ነው፤ ለዚህም ነው ምክራችን ሰውን የሚሰብረው።

ስለዚህ ስለ ጸሎትሽ ከመናገሬ በፊት እጠይቅሻለሁ፦ በስንት ሰዓት ትተኛለሽ? በቀን ስንት ጊዜ ትበያለሽ? ሥራ ያጣ ሰው ሌሊቱን ከስልኩ ጋር ሲያነጋ፣ ረፋድ ላይ ሲነሣ፣ ሲያሻው ብቻ ሲበላ ይውላል። በዚህ ሁኔታ ያለ አካል ቆሞ መጸለይ ቢያቅተው አይገርምም። የመኝታና የመነሻ ሰዓትሽን ወስኚ፤ ስልክሽን ከመኝታሽ አርቀሽ አስቀምጪ። ይህ ከመንፈሳዊ ሕይወት ውጭ የሆነ ምክር እንዳይመስልሽ፤ መልአኩ እንጎቻ ያቀረበው ለነቢይ ነው።

ወደ ጸሎቱ እንምጣ። ጸሎት ያቋረጠ ሰው የሚሳሳትበት ዋናው ቦታ አመላለሱ ነው። አንድ ማታ ልቡ ይነካና «ከነገ ጀምሮ ሰባቱን የጸሎት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ዳዊቱንም በየዕለቱ ድርሻ እደግማለሁ» ብሎ ይወስናል። የሰኞው ድርሻ ብቻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው! ሦስት ቁጥር ማንበብ ላቃተው ሰው ይህ ተራራ ነው። ሰኞን እንደምንም ይወጣዋል፤ ማክሰኞ ግማሹን ያደርሳል፤ ረቡዕ ይቀራል። ሐሙስ ላይ የቀረበትን ሁሉ እንደ ዕዳ ቆጥሮ ይወዝፈዋል፤ ዓርብ የውዝፉን ብዛት አይቶ መጽሐፉን ይዘጋል። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚለው ሐሳብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት መጽሐፉን መዝሙር 13 ላይ ከፍተሽ ጠዋት በምትቆሚበት ቦታ አስቀምጪው፤ ጠዋት ገጽ ፍለጋ እንዳትገቢ። ስትነሺ ስልክ ሳትነኪ ፊትሽን ታጠቢና ቁሚ። በትእምርተ መስቀል አማትቢ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» በዪ። አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ ድረሺ። ከዚያ መዝሙሩን ድምፅ አውጥተሽ፣ ለራስሽ ጆሮ በሚሰማ መጠን፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። በዓይን ብቻ ስታነቢ ሐሳብ ይሸሻል፤ ድምፅ ግን ይይዘዋል። በመጨረሻ በራስሽ ቃል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጨምሪ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ሥራ ፍለጋ እወጣለሁ፤ ፈርቻለሁ» ብትዪ በቂ ነው። ሦስት ጊዜ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብለሽ ጨርሺ። ሁሉም ከሰባት ደቂቃ አያልፍም። ማታ መዝሙሩን ብቻ ትተሽ የቀረውን እንደ ጠዋቱ ድገሚ። ቀን በመንገድም በቤትም ልብሽ ሲከብድ የቀራጩን ጸሎት ያዢ፦ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛዋን ማረኝ» (ሉቃ. 18፥13)።

ይህን ለሦስት ሳምንት አድርጊው፤ በመካከሉ ልብሽ ሞቅ ቢልሽም አትጨምሪበት። በሞቀሽ ቀን የጨመርሽውን በቀዘቀዘሽ ቀን መሸከም ያቅትሻል። አንድ ቀን ቢያመልጥሽ ያመለጠውን አታካክሺ፤ የዛሬውን ብቻ አድርሺ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን እንደሚጨመር የሚወስነው የንስሐ አባትሽ ይሁን።

መዝሙር 13ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በግእዙ «እስከ ማእዜኑ» ብሎ ይጀምራል፤ እስከ መቼ ማለት ነው። «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚል ቃል በእግዚአብሔር ፊት እንዲነገር መንፈስ ቅዱስ ራሱ አጽፎታል፤ አንቺ ልትናገሪው የፈራሽው ነገር ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጸሎት ሆኖ ተሰጥቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች እሮሮ ናቸው፤ ቀጣዮቹ ሁለቱ ልመና ናቸው፤ «ዓይኖቼን አብራ» ይላል። አምስተኛው ላይ «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ብሎ ይዞራል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቁጥር መካከል የተለወጠ ነገር አይነገርም፤ ጠላቱ አሁንም በፊቱ ቆሟል። ዳዊት «እኔ ግን» ያለው ችግሩ ስላለፈ ሳይሆን ከስሜቱ በላይ የእግዚአብሔርን ቸርነት ስላመነ ነው። «እኔ ግን» የሚለውን ልብሽ ሳይቀበለውም ቢሆን በአፍሽ በዪው። ግብዝነት ማለት ለሰው ለመታየት ማስመሰል ነው፤ በእልፍኝሽ ብቻሽን ቆመሽ የማትሰሚውን እውነት በአፍሽ መያዝ ግን እምነት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መዝሙር 42ንና 43ን አንድ ላይ አንብቢ። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለው አዝማች በሁለቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ተናግሮት አላለቀለትም። በሦስተኛው ሳምንት መዝሙር 77ን ያዢ። እዚያ ጸሐፊው እንቅልፍ አጥቶ ይጀምርና የእግዚአብሔርን የቀድሞ ሥራ ወደ ማስታወስ ይሻገራል፤ አንቺም እግዚአብሔር ያደረገልሽን ሦስት ነገር በወረቀት ጽፈሽ በመጽሐፉ መካከል አድርጊ። ሌሊቱ በጣም የከበደሽ ጊዜ መዝሙር 88 አለልሽ። እርሱ እንደሌሎቹ ወደ ምስጋና ሳይዞር በእሮሮው ያበቃል፤ እንዲያም ሆኖ ጸሎት ነው። (የግእዙ መዝሙረ ዳዊት 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እስከ 147 አካባቢ በአንድ ያንሳል። መጽሐፍሽ በግእዙ አቆጣጠር ከሆነ 13 የሚለውን 12፣ 42 የሚለውን 41 ብለሽ ፈልጊ።)

የቀኑ ነገርም አለ። የበረሃ አባቶቻችን ሐዘንንና ሀኬትን ለይተው ያዩ ነበር። ሐዘን ያጣነውን ነገር ያለቅሳል። ሀኬት ግን ሁሉንም ያስጠላል፤ ቀኑን ያረዝማል፣ ካሉበት ተነሥተህ ሂድ ሂድ ያሰኛል፤ የቀትር ጋኔን ያሉትም ለዚህ ነው (መዝ. 91፥6)። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ በዚህ ተይዞ ሳለ «ልድን እወዳለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጸለየ። ጥቂት ቆይቶ ሲወጣ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ተቀምጦ ሲታታ አየ። መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግና ትድናለህ» አለው። እንግዲህ ቀኑን በጸሎት ብቻ ልሙላው አትበዪ፤ ባዶውንም አትተዪው። እጅሽን የሚይዝ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ምረጪ፤ ልብስ ማጠብ፣ መስፋት፣ ቤት ማስተካከል፣ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ። አንዱን ስትጨርሺ ተነሥተሽ «ማረኝ» በዪና ወደ ሌላው እለፊ።

ሐዘንም ሀኬትም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ድባቴ የሚባለው ሕመም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቀኑን ሙሉ ልብሽ ከከበደ፣ ቀድሞ የሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ከጠፋብሽ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትሽ ከተዛባ፣ ሐሳብሽን መሰብሰብ ካቃተሽና ያለ ምክንያት ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስሜት ካልለቀቀሽ ሐኪም ጋር ሂጂ። ዓይንሽ ፊደሉ ላይ እንደሚንከራተት ስለጻፍሽልኝ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን መካድ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ የታመመ ሰው እንዲጸልይም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ታዝዟል፤ ሁለቱን የምናጣላቸው እኛ ነን። መድኃኒት ከታዘዘልሽ «አሁን ጸሎት ጀምሬአለሁ» ብለሽ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አታቁሚ። መሞት የሚያስመኝ ወይም ራስሽን የሚያስጎዳ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እስከ ነገ አትቆዪ፤ በዚያው ሰዓት አጠገብሽ ላለ ሰው ንገሪ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ሕክምና ወዳለበት ይውሰዱሽ። ይህ ሐሳብ ስለመጣብሽ ብቻ የተኰነንሽ አይደለሽም። ኤልያስም ሞትን ለምኖ ነበር፤ የተሰጠው ግን እንጎቻና ውኃ ነው።

ለንስሐ አባትሽም ንገሪ። ብዙዎቻችን አባት ዘንድ ስንቀርብ «አባቴ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው» ብለን እንጨርሳለን፤ አባትየውም የሚይዙት ነገር ያጣሉ። አንቺ ሦስት ነገር ለይተሽ ንገሪያቸው፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ምን እንዳቋረጥሽ፣ ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሚመጣብሽ። «አባቴ ዐርፎ፣ ሥራም ካጣሁ በኋላ ነው። ጸሎት ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እግዚአብሔር ትቶሻል የሚል ሐሳብ ይመላለስብኛል» ብትዪ ተቃንቷል። ስለ ጾምና ስለ ስግደት ጠይቂያቸው፤ ሰውነትሽ ከደከመ መጠኑን ይወስኑልሻል። ራስሽ አትጨምሪ፣ ራስሽም አትቀንሺ። ስለ ቅዱስ ቁርባንም ዝግጅቱን ከእርሳቸው ጋር ተነጋገሪ እንጂ ስሜት ስለጠፋብሽ ብቻ አትራቂ፤ ደረቅነት ከቁርባን የሚከለክል ኃጢአት አይደለም።

ከአባት ሌላ አንድ ሰው ያስፈልግሻል። ጌታችን በጌቴሴማኒ በዚያች ሌሊት ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ «ከእኔ ጋር ትጉ» ብሏቸዋል፤ ቢተኙበትም እንኳ። ቅዱስ ጳውሎስም ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ በቲቶ መምጣት እንዳጽናናው ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 7፥6)፤ መጽናናቱ የመጣው በሰው እግር ነው። ምክር የማታበዛ፣ ምሥጢር የምትጠብቅ አንዲት እኅት ምረጪና «በሳምንት ሁለት ቀን ደውዪልኝ፤ ጸሎትሽን አድርሰሻል ወይ ብለሽ ብቻ ጠይቂኝ» በያት። «አይዞሽ ባይ» ፍለጋ ከአንዱ ስብከት ወደ ሌላው በስልክ መዝለል ግን አይጠቅምሽም። ብዙ ድምፅ ይሰማና በየመካከሉ የራስሽ ጸሎት ይጠፋል።

የቀረው የአገልግሎትሽ ነገር ነው። ዳዊት ወደ ጺቅላግ ሲመለስ ከተማው ተቃጥሎ፣ ሚስቶችና ልጆች ተማርከው አገኘ። እርሱና ሰዎቹ ለማልቀስ ኃይል እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ፤ ከሐዘናቸው የተነሣ ሊወግሩት እስከ መነጋገር ደረሱ። ዳዊት ግን በአምላኩ በእግዚአብሔር ልቡን አጽናና፤ ካህኑን አብያታርን ጠርቶ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ ከዚያ ማራኪዎቹን ሊያሳድድ ወጣ (1ኛ ሳሙ. 30)። ከ600 ሰዎች 200ው ግን ደክመው የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቃታቸው፤ ከዕቃው ጋር ቀሩ። 400ው ድል አድርገው ሲመለሱ አንዳንዶች ለቀሩት ምርኮ አንሰጥም አሉ። ዳዊት አልፈቀደም፤ የተዋጋውና ዕቃ ጠባቂው እኩል ይካፈሉ አለ፤ ይህም በእስራኤል ሥርዓት ሆነ። የደከሙት ሰዎች ከዳዊት ሠራዊት አልተሰረዙም።

ስለዚህ አገልግሎቱን አትተዪ፤ አቅልዪው። የሕፃናቱ ትምህርት ዝግጅትና ኃላፊነት ስላለው ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ሁኔታሽን ነግረሽ ለስድስት ሳምንት ያህል ሌላ ሰው እንዲሸፍንልሽ ጠይቂ፤ የምትመለሺበትንም ቀን አብራችሁ ወስኑ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ዕረፍት በዚያው መቅረት ይሆናል። ከመዝሙሩ ግን አትቅሪ። መሪ ካደረጉሽ ተራውን ለሌላ ስጪና ከተቀባዮቹ ጋር ቁሚ። ድምፅሽ እንቢ ባለሽ ጊዜ ሌሎቹ ሲዘምሩ አፍሽን ዘግተሽ ስሚ፤ በዚያ ሰዓት እነርሱ ስለ አንቺ ይዘምራሉ፤ አንቺም ዕቃ ጠባቂዋ ነሽ።

እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን።